የጋሽ ዓምደ የመጨረሻ ፊልም

ጋሽ ዓምደሚካኤል በሰው አገር፣ ቸሪ በሚባል ጎዳና አጠገብ ባለው ቤታቸው፣ ከምድር ቤቱ ደረጃ ስር፣ ጭንቅላታቸው ተፈንክቶ ሞተው ተገኙ። መርማሪ ጥሩብርሃን ስትደርስ ዝናቡ አላባራም። ሳሎኑ ውስጥ አንድ ወንበር፣ አንድ ሳህን፣ አንድ ኩባያ። ወይ ብቸኝነት! እሷንም ቤቷ የሚጠብቃት አንድ ኩባያ ነውና ዓይኗን ቶሎ አነሳች።

ሟቹ ጡረታ የወጡ ፎቶግራፍ አንሺ ነበሩ። ዓለም ሁሉ ወደ ዲጂታል ሲዞር፣ እሳቸው ጥቁርና ነጭ ፊልማቸውን ምድር ቤት ባለው ጨለማ ክፍል ራሳቸው ያጥቡ ነበር። ያን ቀን ቤቱን የረገጡት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ፎቅ ላይ የተከራየችው የኔነሽና ከኬንት ከተማ የመጣው የወንድማቸው ልጅ ሀይለየሱስ።

«ሶ፣ ከሰዓት በኋላ ብቅ ብዬ ነበር» አለ ሀይለየሱስ። «የጨለማ ክፍሉን በር ከፈት ሳደርግ፣ ቀዩን መብራት አብርተው ፊልም ማጠቢያው ጣሳ ውስጥ ሲያስገቡ አየኋቸው። ቻው ብያቸው ወጣሁ። ደህና ነበሩ። ከዚያ በኋላ ቤት የቀረችው እሷ ናት።»

የኔነሽ ክው አለች። «ኧረ በማርያም! እኔ ኮ ከኤርፖርት የሌሊት ሺፍት ገብቼ ተኝቼ ነበር!»

ተኝታ እንደነበር የሚመሰክርላት አንድም ነፍስ የለም። ከመርማሪዋ ጋር የመጣው ፖሊስም ካቴናውን ነካ ነካ ማድረግ ጀምሯል።

ጥሩብርሃን ወደ ጨለማ ክፍሉ ገባች። ጣሳው ክዳኑ እንደተገጠመ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ስትነቀንቀው ደረቅ ነው፤ ማጠቢያው መድኃኒት ገና አልፈሰሰበትም።

«ይሄን ክዳን የሚከፍት ወዮለት!» አለችና ፊልሙን አውቆ ለሚያጥብ ሰው ሰጠችው።

ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ ሁሉንም ሳሎኑ ውስጥ ሰበሰበች።

«ሀይለየሱስ፣ ቀይ መብራት አየሁ አልክ?»

«አዎ። ልጅ እያለሁ አብሬያቸው እገባ ነበር። ሁልጊዜ ቀይ ነው።»

«ልጅ ሆነህ ያየኸው ፎቶ ወረቀት ላይ ሲያትሙ ነው። ወረቀቱን ቀይ ብርሃን አይጎዳውም። ፊልሙን ግን ቀይም ቢሆን ያቃጥለዋል። ጣሳው ውስጥ የሚገባው በድቅድቅ ጨለማ፣ በዳበሳ ነው። አንተ እንዳልከው ቢሆን ኖሮ ይሄ ፊልም ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ይወጣ ነበር። እየው፣ ጥርት ብሏል! በሩን አልከፈትክም። ለምን ዋሸህ?»

«ኦኬ፣ ምናልባት ሌላ ቀን ያስገቡት ፊልም ይሆናላ!»

ጥሩብርሃን ከፊልሙ የታተሙትን ፎቶዎች ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። ሁሉም ከሳሎኑ መስኮት የተነሱ ናቸው፤ ደጃፉ ፊት ያለው ባዶ ቦታ፣ በዝናብ፣ በጭጋግ፣ በፀሐይ። በመጨረሻው ፎቶ ብቻ ሀይለየሱስ መኪናውን ፓርክ አድርጎ ሲወርድ ይታያል። የለበሰው ያን ቀን ፖሊስ ሲያነጋግረው ለብሶት የነበረውን ጃኬት ነው።

«ፊልሙን ያስገቡት አንተ ከመጣህ በኋላ ነው» አለች። «አንተ ከተዘጋው በር ውጭ ትጠብቅ ነበር። ሲወጡ ምን ተባባላችሁ?»

ሀይለየሱስ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። «መጦሪያ ቤት ይግቡ፣ ይሄ ቤት ይሸጥ አልኳቸው። ከዚህ ንቅንቅ አልልም አሉኝ። ደረጃውን ወጥተን ጫፉ ላይ ስንደርስ... ተናድጄ ገፋኋቸው። እንዲሞቱ ብዬ አይደለም!»

ከዚያ ፎቶዎቹን አፍጥጦ አያቸው። «ባዶ ቦታ ምን ይሠራላቸዋል?»

«አንተን ሲጠብቁ ነዋ!» አለች የኔነሽ እያለቀሰች። «እሁድ በመጣ ቁጥር ሀይሌ ፓርክ የሚያደርግበትን ቦታ ሰው እንዳይዝበት እያሉ መስኮቱ ጋ ይቆማሉ። ሳትመጣ ስትቀር ባዶውን ቦታ ፎቶ ያነሱታል።»

ፖሊሱ ካቴናውን ለሀይለየሱስ አጠለቀለት። በሩ ጋ ሲደርስ ሀይለየሱስ ዞር ብሎ የመጨረሻዋን ፎቶ ይዞ እንዲሄድ ለመነ።

«አይሆንም» አለች ጥሩብርሃን። «ማስረጃ ናት።»