ፍሬኑና አፉታው

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው ቁልቁለት ሾፌርን ያስተምራል፤ ያልተማረውንም ይቀጣል። ሸረፈዲን በዚያ መንገድ ሚኒባስ ሲነዳ ፀጉሩ ሸብቷል። ተሳፋሪ አያመናጭቅም፤ ከሌላ ሾፌር ጋር በተራ አይጣላም፤ የተቆጣ ሰው ሲያይ «አብሽር፣ ያልፋል» ማለት ይቀናዋል። ሚስቱ ከሪማ «አንተ እኮ ጎማህን የሰረቀህን ሰው መንገድ ላይ ብታገኘው አሳፍረህ ቤቱ ታደርሰዋለህ» እያለች ትቀልድበታለች። እውነቷን ነው።

መኪናውን የሚሠራለት መካኒክ ወንድምአገኘሁ ነው። ሁለቱ በአንድ ግቢ ያደጉ ጎረቤታሞች ናቸው። ለዒድ ወንድምአገኘሁ ከነልጆቹ እነሸረፈዲን ቤት ይውላል፤ ለፋሲካ ደግሞ ለእነሸረፈዲን ለብቻው በእስላም እጅ የታረደ በግ ይቆያቸዋል። እንዲህ ካለ ወዳጅ ጋር ሰው ምን ይከራከራል? ሸረፈዲን መኪናውን ከጋራዥ ሲያወጣ ምን ተነካ፣ ምን ተቀየረ ብሎ ጠይቆ አያውቅም። ወንድምን መጠየቅ እንደ ነውር ይታየው ነበር። ወንድምአገኘሁም እጁ የተመሰገነ ነው፤ ክፉ ዐመሉ ሥራ በበዛበት ቀን እንኳ እምቢ ማለት አለመቻሉ ነው።

አንድ ቅዳሜ የወንድምአገኘሁ እህት ልጅ ሰርግ ዋዜማ ነበር። ጋራዡ ግን በመኪና ተሞልቷል። የሸረፈዲን ሚኒባስ የኋላ ፍሬኗ ሊሠራ ገብታለች። ከሰርጉ ቤት ስልክ በላይ በላዩ ይደወላል፤ «ድንኳኑ ሊተከል ነው፤ የት ቀረህ?» ወንድምአገኘሁ የፍሬኑን ሸራ ቀየረ፣ ጎማውን መለሰ፣ እጁን በነጭ ጋዝ ታጥቦ እየሮጠ ሄደ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ቀን ነው።

እሑድ ሸረፈዲንም ሰርጉ ላይ ዋለ። ሰኞ ጧት መኪናውን ከጋራዥ አውጥቶ፣ ተሳፋሪ ሞልቶ ወደ ኮምቦልቻ ወረደ። ቁልቁለቱ መሃል፣ ከአንድ ኩርባ በፊት ፍሬኑን ሲረግጥ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ሰመጠ። ደገመው፤ ምንም የለም። «ያ አላህ!» ብሎ ማርሽ ቀነሰ፤ የእጅ ፍሬኑን ሳበ፤ መኪናዋን ከገደሉ አርቆ ወደ ተራራው አስጠጋት። ጎኗን ከድንጋዩ ጋር እየፋቀች ሄደችና ከአንድ የአሸዋ ክምር ውስጥ ገብታ ቆመች።

ሰው አልተጎዳም። ለገበያ እንቁላል የያዘች አንዲት ሴትዮ ቅርጫቷን ከፍታ የተሰባበረውን አየችና «ሰው ከተረፈ እንቁላል ምን አለበት፤ ዛሬ ካልሆነ ነገ መጠበሱ አይቀርም!» አለች። ሁሉም ሳቀ፤ ወዲያው ደግሞ የሚያለቅሰው በዛ። ሸረፈዲን ግን ከመሬት ተቀመጠ። ያን ሁሉ ነፍስ ገደል ሊከት የነበረው እሱ ነው፤ ለምን እንደሆነ ግን አያውቅም።

በእኛ ዘንድ ያጠፋ ሰው ሽማግሌ ይልካል። ያማረ ባህል ነው። በዚያው ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ ሐጂ ሙንዚርና መምሬ ገብረ ማርያም እነሸረፈዲን ቤት መጡ፤ ወንድምአገኘሁም አንገቱን ደፍቶ ተከትሏቸዋል።

«ልጄ ሸረፈዲን» አሉ ሐጂ ሙንዚር፤ «አላህ ያተረፋችሁን ሸይጣን አያጣላችሁ። ወንድምህን ቀን ጥሎታል። መኪናህን እንደነበረች አድርጎ ሊሠራልህ ቃል ገብቷል። በል አፉ በለውና ዱዓ እናድርግ።»

«የተሰበረ ብረት ይጠገናል» ሲሉ አገዟቸው መምሬ ገብረ ማርያም፤ «ጉርብትና ከተሰበረ ግን የሚጠግነው ጋራዥ የለም።»

ሸረፈዲን መጀመሪያውንም ቂም አልያዘም። ይቅር ብያለሁ ሊል ሲል ከሪማ ቀደመችው።

«ሐጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ነገር ልጠይቅ። አፉ የሚለው ምኑን ነው?»

«የሆነውን ነዋ፣ ልጄ።»

«የሆነውን እኮ ማንም አልነገረንም። ፍሬኑ ለምን እምቢ እንዳለ የሚያውቅ አለ?»

«ቀደር ነው፤ የአላህ ውሳኔ። የደረቀ ቁስል ባይነካካ ይሻላል።»

«ቀደርስ ቀደር ነው። ግን የመኪና ቡሎን የሚያጠብቀው የሰው እጅ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ብላችሁ ያሳደጋችሁን እናንተው ናችሁ። ደግሞስ ቅዳሜ ከዚያ ጋራዥ የተሠራችው የእኛ መኪና ብቻ ናት?»

ሸረፈዲን ደነገጠ። ያን ዕለት ከእሱ መኪና አጠገብ የሌላው ሾፌር የበሽር ሚኒባስ ቆማ ነበር፤ እሷም ለፍሬን ነበር የገባችው። በሽር ዘመድ ሊጠይቅ ወደ ቢስቲማ ሄዶ ስለቆየ መኪናዋ ከጋራዡ አልወጣችም። ነገ ጧት ግን የሰርጉን ዘመዶች ለመልስ ወደ ኮምቦልቻ ይዛ ትወርዳለች። ወዳጁን ቀና ብሎ አየው። ወንድምአገኘሁ ዓይኑን ከመሬት አልነቀለም። ያን ጊዜ ያ ሁልጊዜ ሳይለመን የሚሰጠው ቃል ከሸረፈዲን አፍ አልወጣ አለ።

«ወንድሜ» አለው፤ «ወላሂ አልተቀየምኩህም። የመኪናዋንም ነገር ተወው። አፉ የምልህ ግን የሆነውን በአንደበትህ ስትነግረኝ ነው።»

«ኧረ ሸረፈዲን!» አሉ መምሬ ገብረ ማርያም፤ «እርቅ የመጣ ሰው በሽማግሌ ፊት ይዋረዳል እንዴ?»

«ላዋርደው አይደለም፣ መምሬ። ነገ እኮ ሰው ይሳፈራል።»

መምሬ ገብረ ማርያም ራሳቸውን ነቀነቁ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። እኛ ሥሩን ሳናይ ልንሄድ ነበር። ተናገር፣ ልጄ።»

ወንድምአገኘሁ ቀና አለ። «የፍሬን ዘይት የሚያልፍበትን ቧንቧ በእጄ ብቻ አስገብቼ በቁልፍ አላጠበቅሁትም» አለ። «ስልኩ ሲጮህ ኋላ እመለስበታለሁ ብዬ ረሳሁት። ዛሬ አደጋውን እንደሰማሁ ገባኝ፤ ግን አፈርኩ። ሽማግሌ ከላክሁ ማንም ሳይጠይቀኝ ያልፋል ብዬ ነው።»

«የበሽርንስ?» አለ ሸረፈዲን።

«የበሽርንም በዚያው ጥድፊያ ነው የሠራሁት። ማጥበቄን… አላስታውስም። ውይ፣ እህቴ! እህቴ ናት የምትሳፈርበት!»

ተነስቶ ወደ ጋራዡ ሮጠ። ሁሉም ተከተሉት፤ ሽማግሌዎቹም በአቅማቸው። የበሽርን መኪና በክሪክ አንስቶ ጎማዋን ሲፈታ ከውስጥ በኩል ዘይት ተንጠባጥቦ አቧራውን አርሶታል። ወንድምአገኘሁ በጣቱ ነካው፤ አሸተተው፤ ከዚያ እዚያው መሬት ላይ ተዘረፈጠ። እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሸረፈዲን አጠገቡ ተቀምጦ ትከሻውን ያዘው።

«አሁን አፉ ብያለሁ» አለው። «ከልቤ ነው።»

ሐጂ ሙንዚር ዱዓ ያደረጉት እዚያው፣ በክሪክ ከተሰቀለችው መኪና አጠገብ ነው። ከሪማም እንባዋን እየጠረገች አሚን አለች።

ወገኖቼ፣ ይቅር ባይነታችን ትልቁ ሀብታችን ነው፤ ተዉት የሚለን ቢመጣ አንሰማውም። ነገር ግን ምን እንደጠፋ ሳይነገር የሚሰጥ ይቅርታ ጥፋቱን ለሚቀጥለው ሰው ያስተላልፈዋል። መካኒክም ሆነ ሐኪም፣ ግንበኛም ሆነ አስተማሪ፣ የሠራው ሥራ በእጁ ያለ አማና፣ አደራ ነው። ያጠፋ ይናገር፤ የተበደለም ሳያፍር ይጠይቅ። ይህን ያደረጉት ሁለቱ ጎረቤታሞች ዛሬም አንድ ላይ ዒድና ፋሲካ ይውላሉ።

ወንድምአገኘሁ የሸረፈዲንን መኪና ጎኗን አቃንቶ፣ ቀለም ቀብቶ መለሰለት። የወለቀውን ዕቃ ሁሉ አንድ በአንድ አሳየው፤ የገባውንም አስነካው። ሸረፈዲን ሞተር አስነስቶ ሊሄድ ሲል ወንድምአገኘሁ የፊተኛውን በር ከፍቶ ከጎኑ ተቀመጠ።

«ወዴት ነው?»

«ኮምቦልቻ። ከእንግዲህ ፍሬን ከሠራሁለት መኪና ሁሉ ጋር ሰው ሳይጫንበት አብሬ እወርዳለሁ። ከበሽርም ጋር ወርጃለሁ።»

ባዶዋን ሚኒባስ ይዘው ወረዱ። ኩርባው ጋ ሲደርሱ ሸረፈዲን ፍሬኑን ረገጠ፤ መኪናዋ ቀጥ ብላ ቆመች። ወንድምአገኘሁ ወንበሩን ጨምድዶ የያዘበትን እጁን ቀስ ብሎ ለቀቀ። ሸረፈዲን ሳቁ መጣ።

«አንተ እኮ ከእኔ የባሰ ፈርተሃል!»

«ፍርሃቱማ የእኔ ነው» አለ ወንድምአገኘሁ፤ «የሠራሁት እኔ ነኝ።»