የትርሲት ሁለተኛ ድምፅ

በድሬዳዋ የድምፅ ቤተ ሙከራ ማሽኖቹ ሁልጊዜ ጠዋት ጉሮሯቸውን ያሟሻሉ። የሚያስልም፣ የሚያንጎራጉርም አለ፤ ሠራተኞቹ ለምደውታል። «ድምፀ ሕያው» ይሏቸዋል፤ የአንድን ዘፋኝ ድምፅ ቀድተው መድረክ ላይ የሚዘፍኑ ማሽኖች ናቸው።

ያን ሰኞ ግን የ«ነጎድጓድ» ሮክ ባንድ ማሽን ዘፈኑ ከፍ የሚልበት ቦታ ላይ ሲደርስ ድምፁ ተሰነጠቀ። መሐንዲሷ ሰሚራ ብትሠራው ብትሠራው አልስተካከል ሲላት የድምፁን ባለቤት አስጠራች።

ትርሲት ስድሳ ስድስት ዓመቷ ነው። በሃያ ስድስት ዓመቷ ስትጮህ የአዳራሽ መስታወት ይንቀጠቀጥ ነበር። አርባ ሲሞላት ድምፅዋ ወረደ፣ ሻከረ። የባንዱ መሪ ጊታሪስቱ ይድነቃቸው ያኔ «ሕዝቡ የሚፈልገው የድሮዋን ትርሲት ነው» ብሎ ከመድረክ አወረዳት፤ በቦታዋም የወጣትነት ድምፅዋን የያዘውን ማሽን አቆመ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በገዛ ድምፅዋ ሲጨበጨብለት ሰምታለች። ቂሟ አንድ ቀን እንኳ አልተኛም።

«እትዬ ትርሲት፣ የምፈልገው ትንፋሽዎን ብቻ ነው» አለቻት ሰሚራ ከመስታወቱ ማዶ። «ቀስ ብለው ያንጎራጉሩ። ሙሉ ድምፅዎን ከለቀቁት ማሽኑ የዛሬውን እንደ ዋና ይወስድና የድሮውን ይሽረዋል።»

«ገብቶኛል፣ ልጄ» አለች ትርሲት።

የገባት ሌላ ነበር። ቅዳሜ የባንዱ አርባኛ ዓመት በዓል ነው። ይድነቃቸው በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሲዋረድ ታያት። አየር ሳበችና ዘፈኑን ባላት ጉልበት ለቀቀችው፤ በጎርናናው፣ ሲጋራና ልቅሶ ባለፈበት ድምፅ። የሰሚራ ጣት ማቆሚያው ላይ ደረሰ፤ ድምፁ ይዟት ግን ሳትጫነው ቀረች፤ የሆነውንም ለባንዱ አልነገረችም።

ቅዳሜ ከሰዓት ስታዲየሙ ጢም ብሎ ሞልቷል። ትርሲት ሻሿን ወደ ግንባሯ ስባ ከሕዝቡ መሀል ተቀመጠች። ማሽኑ አፉን ሲከፍት የአሮጊት ድምፅ ወጣ። ይድነቃቸው ጓንት ያጠለቀው እጁ የጊታሩ ክር ላይ ደርቆ ቀረ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

ግን ማንም አልሳቀም። ከፊቷ የተቀመጡ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አወለቁ። አንዲት ሴት አለቀሰች። ዘፈኑ ሲያልቅ ስታዲየሙ በጭብጨባ ተናጋ። ይድነቃቸውም ነቃ ብሎ ማይኩን ያዘና፣ «ይህን አዲስ ድምፅ ለዛሬ ስናዘጋጅላችሁ ቆይተናል!» አለ።

ከመድረኩ ጀርባ ትርሲት ሰሚራን ልታንቃት ምንም አልቀራት። «ድምፄን ከማሽኑ አጥፊው! ያ ሰውዬ ወጣትነቴን ሰረቀኝ፤ እርጅናዬን ደግሞ በገዛ እጄ ሰጠሁት!»

«ማሽኑ አልተበላሸም ነበር፣ እትዬ» አለች ሰሚራ በቀስታ። «ትናንት ነው መዝገቡን አይቼ የደረስኩበት። ማሽኑ ድምፁን የሚገራው መድረክ ላይ የአድማጩን ፊት እያየ ነው። አድማጮቹ አረጁ፤ እሱም አብሯቸው ሊያረጅ ሞከረ። ግን ያልኖረውን ዕድሜ ከየት ያምጣው? የተሰነጠቀው ለዚያ ነው።»

ይድነቃቸው የሰሚራን ቃል ከበሩ ሰምቶ ገባ።

«ትርሲት» አለ፣ «በየዓመቱ እየመጣሽ ለማሽኑ ትዘፍኚለታለሽ። የፈለግሽውን ጠይቂ።»

«ከእንግዲህ ለአንተ አንዲት ትንፋሽ አልሰጥም። የቀረኝን ዕድሜ ይዤው እሄዳለሁ። ማሽንህ ስድሳ ስድስት ላይ ተገትሮ ይቅር።»

ይድነቃቸው የግራ እጁን ጓንት አወለቀ። ጣቶቹን በሞተር የሚያንቀሳቅስለት ጓንት ነበር፤ ከሥሩ ያሉት ጣቶች ተጣመው ደርቀዋል።

«አሥራ ሁለት ዓመት ሆነኝ» አለ። «ማንም አያውቅም።»

ትርሲት ጣቶቹን አየች። ስትመኝለት የኖረችው ውርደት እዚያ ነበር፣ ያለ እሷ እጅ። ደስታውን ጠበቀችው፤ አልመጣም። ማዘንም አልሆነላትም።

«በአርባ ዓመቴ ስታባርረኝ» አለች፣ «ማርጀት የእኔ ብቻ መስሎህ ነበር?»

ይድነቃቸው ዓይኑን ወደ ጓንቱ መለሰ። ጓንቱን መልሶ ሊያጠልቅ ሲታገል አውራ ጣቱ አልገባ አለው። ትርሲት ለአፍታ ቆማ አየችው፤ ከዚያ ሳታግዘው ወጣች።