ከዜናው በላይ የተለጠፈች ወረቀት

መርማሪዋ መነጽሯን በሸሚዟ ጫፍ እየወለወለች ነበር። አንዱን መስታወት ጨርሳ ወደ ሁለተኛው ስታልፍ፣ እግሯ ሥር የተዘረረውን ሰው ገና በቅጡ አላየችውም።

ሟቹ የሶፍትዌር ሠሪዎች ማኅበር መሥራች ነበር። የኋላ ጭንቅላቱ ተፈርክሷል። መደርደሪያው ላይ ያለው የብረት ዋንጫ ተወልውሎ ቢመለስም እጀታው ሥር ደም ቀርቶበታል።

ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ላይ የማኅበሩ ድረ ገጽ አዲስ የፊት ገጽ ታቅዷል። ከላይ የተሰመረው የእርሳስ መስመር የስልክ ስክሪን ጠርዝ ነው። ከመስመሩ በታች እያንዳንዱ ክፍል በወረቀት ተጽፎ ወርዷል፦ ዜና፣ መማሪያ፣ ጥያቄና መልስ። ከዜናው በላይ ግን «መታሰቢያ» የሚል ርዕስና የአንድ ወጣት ስም ያለባት ወረቀት አለች።

የሟቹ ታላቅ እህት፣ የማኅበሩ ጸሐፊ፣ በሩ ላይ ቆማለች።

«የዚህ ክፍል ቁልፍ እነማን እጅ ነው ያለው?»

«እኔ፣ ዲዛይነሯና ቀጭኑ ጋ። ቀጭኑ ፕሮግራመራችን ነው። መታሰቢያው ላይ ያለው ስም የቀጭኑ የሞተ ወንድም ነው፤ የድሮውን ገጽ አብረው ነው የሠሩት።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ትናንት ስብሰባ ላይ ወንድሜ ወረቀቷን ገንጥሎ ቅርጫት ውስጥ ጣላት። ‹የሞተ ሰው ጎብኚ አያመጣም› አለ።»

«እናንተስ ምን አላችሁ?»

«ሳቅን።»

ቀጭኑ ኮሪደሩ ላይ ጥፍሩን ይበላ ነበር።

«ትጠላው ነበር?»

«ጋሼን? ከትናንት ጀምሮ አዎ። ግን አልገደልኩትም። ወረቀቷን ከቅርጫቱ ለማውጣት እንኳ አፍሬ ነው የወጣሁት።»

«ታዲያ ማን መልሶ ለጠፋት?»

«እኔ እንድጠረጠር የፈለገ ሰው።»

ዲዛይነሯ ዓይኗ ቀልቷል፤ ከተሰበሰበው ፀጉሯ ግን አንዲት ዘለላ አላፈነገጠችም።

«ምስኪን ቀጭኑ» አለች። «በወንድሙ ከመጡበት ራሱን አያውቅም።»

«አንቺስ ከሟቹ ጋር ሰላም ነበርሽ?»

«እንደ አባቴ ነበር። ይህን ገጽ ሁለት ዓመት ለፍቼበታለሁ። በማኅበሩ ጉባኤ ላይ ሊያቀርበው ነበር።»

«ሊያቀርበው? ልታቀርቢው አይደለም?»

«ሊያቀርበው» አለች ዲዛይነሯ፣ ወለሉን እያየች።

መርማሪዋ ወደ ግድግዳው ተመልሳ አፍንጫዋ ወረቀት እስኪነካ ተጠጋች። ወረቀቶቹና ግድግዳው ላይ የተረጨውን ደም በዓይኗ ተከተለች። ከዚያ ተቃራኒው ግድግዳ ላይ መስመር አሰመረች፤ በአዲስ ወረቀትም የትናንቱን ገጽ ደግማ ለጠፈች፣ ያለ መታሰቢያው። አስከሬኑ ሲወጣ ሦስቱን ጠራቻቸው።

«ቀጭኑ፣ የወንድምህን ስም ሦስት ወረቀት ላይ ጻፍልኝ።»

«ምን ያደርግልዎታል?»

«ጻፍ ብዬሃለሁ።»

ጻፈ። ሦስቱንም አቀበላት።

«አሁን እያንዳንዳችሁ በተራ ከዜናው በላይ ለጥፉልኝ።»

እህትየው ከእርሳሱ መስመር በላይ ለጠፈች። መርማሪዋ አነሳችው። ቀጭኑ አጣሞ፣ ግማሹን ዜናው ላይ ደርቦ ለጠፈ። እሱንም አነሳችው። ዲዛይነሯ ግን ከታች ጀመረች። የመጨረሻውን ወረቀት ዝቅ አደረገች፣ ከዚያ ቀጣዩን፣ ከዚያ ዜናውን፤ በተከፈተው ቦታ ስሙን አስገብታ ጠርዙን በአውራ ጣቷ አቃናች። ዞር ስትል ሁሉም ያዩዋታል።

«ያኛው ግድግዳ ላይ ደም ተረጭቷል» አለች መርማሪዋ። «መታሰቢያው ላይ ጠብታ የለም፤ ግራና ቀኙ ግን በደም ተነቁጧል። ስለዚህ የተለጠፈው ሰውየው ከተመታ በኋላ ነው። ሌሎቹ ላይ ያረፈው ደም ደግሞ አጠገባቸው ካለው ግድግዳ ጋር አይገጥምም። እያንዳንዱን አንድ ቦታ ወደ ላይ ብትመልሺው ይገጥማል። ገዳዩ ሬሳ አጠገቡ እያለ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ዝቅ ሲያደርግ ነበር። ቀጭኑን ለማስጠርጠር አንድ ወረቀት ጣል ማድረግ ይበቃው ነበር፤ ገጽ መሥራት የለመደ እጅ ስለሆነ ግን ከስክሪኑ ጠርዝ ውጭ መለጠፍ አልሆነለትም።»

«ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው!» አለች ዲዛይነሯ።

«ሁለቱ ሲለጥፉ አይተሻል።»

ዲዛይነሯ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

«በራሱ ስም ሊያወጣው ነበር» አለች። «‹ስሜስ?› ስለው ቅርጫቱን አሳየኝ። ‹ከልጁ አጠገብ ቦታ አለልሽ› አለና ጀርባውን ሰጠኝ።»

ቀጭኑ ቀና አለ። «በወንድሜ ስም ልታሳስሪኝ?»

«እሱ ሞቷል፤ ምን ይጎዳዋል?»

ይዘዋት ወጡ። ክፍሉ ውስጥ እህትየውና ቀጭኑ ቀሩ።

«ገጹ ዛሬ ይከፈት» አለችው። «አናቱ ላይ የወንድሜን ፎቶና የሐዘን መግለጫ አድርግ።»

«የኔስ ወንድም?»

«ሁለት ሬሳ ባንድ ገጽ? ተው እንጂ። ሰው ይሸሻል።»

ቀጭኑ ኮምፒውተሩን ወደ ራሱ ስቦ የመሥራቹን ስም ጻፈ። ፎቶውን ከዜናው በላይ አስገባ። በስልኩ ከፍቶ አየው፤ ይሠራል። ኮምፒውተሩን ከደነና ወደ ጠረጴዛው ዳር ገፋው።