ያልታሸው ክንድ

ሳካኪ ጌንዞ በገዛ ፍልውሃው ውስጥ ሞቶ ሲገኝ፣ በረዶው የቤቱን ጣሪያ ጠርዝ ከነካ አራተኛ ቀኑ ነበር። ከሸለቆው የሚያወጣው መንገድ ተዘግቷል፤ ቤተሰቡም የታችኛውን በር ትቶ በፎቁ መስኮት ይወጣና ይገባ ነበር። ቤቱ ውስጥ የቀሩት አምስት ሰዎች ናቸው። ከአምስቱ አንዱ ገዳይ ነው ከተባለ ወዲህ ቤቱ እንኳን ለአምስት ለአንድ ሰውም ጠበበ።

ጌንዞ የማሸት ትምህርት ቤት ባለቤት ነበር። ተማሪዎቹ ለአዲስ ዓመት ወደየቤታቸው ሄደው የቀረችው የከሰል አክሳይ ልጅ ኪኑ ብቻ ናት፤ የመንግሥት የፈቃድ ፈተና ሊደርስባት አርባ ቀን ቀርቷታል። መታጠቢያው መስኮት የለውም። ከውሃው ጋር የሚመጣው ገዳይ የድኝ ጋዝ የሚወጣው በጣሪያው ቀዳዳ ነው፤ የቀዳዳው ክዳን ደግሞ ኮሪደሩ ግድግዳ ውስጥ በተቀበረ የብረት ብሎን ይከፈታል፣ ይዘጋል። ጌንዞ ከቁርስ በኋላ ሲገባ ክዳኑ ክፍት ነበር። ከአንድ ሰዓት በኋላ ክዳኑ ተጠርቅሞ፣ እሱም አንገቱን ገንዳው ጠርዝ ላይ ጥሎ ተገኘ።

ብሎኑ ክፉኛ ጠብቆ ስለነበር ጥርጣሬው ወዲያው ኪኑ ላይ ወደቀ። የከሰል ጆንያ በአንድ እጇ የምታነሳ ልጅ ናት፤ የሟቹ ሚስት ሂሳኖም ከቁርስ በኋላ ኮሪደሩን ስትጠርግ አይታታለች። ለዚያው ፈተና ይዘጋጅ የነበረው የሟቹ ማደጎ ልጅ ቴሩኦ ግን ከፈረስ ወደቅሁ ብሎ ቀኝ ክንዱን በጨርቅ ካነገተ ሁለት ወሩ ነው፤ እሱን ማን ይጠረጥራል? ኪኑን ፍራሽ ማስቀመጫው ጓዳ ውስጥ ቆለፉባት። ፖሊሱም በስልክ፣ ነገ እኩለ ቀን ከበረዶ ጠራጊው መኪና ጋር ደርሼ እወስዳታለሁ አለ። ቀጥሎም «መምህርት ሳዋን አገናኙኝ» አለ።

ኦኖዴራ ሳዋ በትምህርት ቤቱ የሰው አካል አወቃቀር አስተማሪ ናት። ዓይኗ የጠፋው በስድስት ዓመቷ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሰው የምታውቀው በጡንቻውና በመገጣጠሚያው ነው። ፊት ይዋሻል፣ አፍም ይዋሻል፣ ትከሻ ግን ውሸት አልተማረም ትላለች። ፖሊሱ ራሱ ነገር ሲወሳሰብበት «ትከሻዬን ልታሽ» እያለ ይመጣና ሳይታሽ መልስ ይዞ ይሄድ ነበር።

ሳዋ በመጀመሪያ የሄደችው ወደ ብሎኑ ነው። ከሁለት ወፍራም ምሰሶዎች መሐል ባለች ቀዳዳ እጇን ሰድዳ እጀታውን ዳሰሰች። ከዚያ ሬሳው ሲገኝ ብሎኑን የፈታውን የቤቱን ሠራተኛ ሽማግሌውን ቶሜኪቺን አስጠራች። ቶሜኪቺ ጌንዞ በሞተበት ሰዓት ጣሪያ ላይ በረዶ ሲዝቅ አካፋው አንድ ጊዜም አላረፈም፤ ይህን ሁሉም ሰምቷል። ሂሳኖም በዚያው ሰዓት ከሳዋ እጅ ስር ተኝታ አንገቷን ትታሽ ነበር። ስለዚህ የቀሩት ኪኑና ቴሩኦ ናቸው።

«አባባ ቶሜ፣ ብሎኑን እንዴት አድርገው ፈቱት?»

«ያሳፍራል እኮ መምህርት። በቀኜ ብታገል ብታገል እምቢ አለኝ። ተስፋ ቆርጬ በግራዬ ያዝኩት፣ ተፈታ። ይህ ግራ እጄ ዕድሜውን ሙሉ የሩዝ ሳህን ከመያዝ በቀር ሥራ አያውቅም።»

«ሁለት እጅ አይገባበትም?»

«አንዱም የሚገባው በመከራ ነው። መፍቻማ አይታሰብም። ክርንዎን አጥፈው ካልሆነ አይደርሱበትም።»

ሳዋ ክርኗን አጥፋ እጇን አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ በአየር ላይ አዟዟረችና ፈገግ አለች። ቶሜኪቺ ሰው በሞተበት ቤት ምን ያስቃታል ብሎ ታዘባት።

ሂሳኖ በበኩሏ ኪኑ ለምን እንደገደለች ታውቃለች። ባሏ ከመሞቱ በፊት በነበረው ምሽት፣ መንገዱ ሲከፈት የቴሩኦን ማደጎነት አፍርሼ ትምህርት ቤቱን ለኪኑ አወርሳለሁ ብሏት ነበር። ምክንያቱን አልነገራትም። ልጅቷ ሰምታ ቸኮለች፤ የሂሳኖ እምነት ይህ ነው። ሳዋ ግን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ ከመኝታ ክፍላችሁ ከወረቀት ግድግዳው ማዶ የሚተኛው ማነው? ቴሩኦ ነበር።

ቴሩኦን ክፍሉ ድረስ ሄደችለት። «በዚህ ክንድ የሾርባ ሳህን እንኳ አላነሳም» አላት።

«ማን አሸልህ?»

«ማንም። ዕረፍት ይበቃዋል።»

«እስቲ ልዳስሰው።»

«ይቅርብኝ መምህርት። ሲነኩት ያመኛል።»

ሳዋ አላስጨነቀችውም። በሩን ዘግታ ወደ ጓዳው ወረደች።

ጓዳው ጨለማ ነው፤ ለሳዋ ግን ያው ነው። ኪኑን ፍራሾቹ መሐል ተኮራምታ አገኘቻት። ሳትናገር የልጅቷን ቀኝ ክንድ አነሳች። ልጅቷ ላለፉት አሥር ቀናት በልምምድ ሰዓት በግራ እጇ ብቻ ስታሽ ሳዋ ታዝባለች። ጣቷን በልጅቷ ክርን መታጠፊያ አሳልፋ ፈለገች፤ እዚያ እንደ ገመድ ተወጥሮ መገኘት ያለበት ጅማት የለም። የክንዷ የፊት ጡንቻ ወደ ትከሻዋ ተሰብስቦ ቋጠሮ ሆኗል።

«መቼ ተበጠሰ?»

ኪኑ እያለቀሰች መቼና እንዴት እንደሆነ ነገረቻት። ለማንም እንዳትናገር ለመነቻት። ቀኝ እጇ እንደማይሠራ ከታወቀ ማን ይፈትናታል? ፈቃድ ከሌላት ደግሞ ወደ አባቷ የከሰል ጉድጓድ ተመልሳ ዕድሜ ልኳን ጢስ ስትውጥ ትኖራለች።

«ልጄ፣ ከዚህ የሚያወጣሽ እሱ ክንድ ብቻ ነው።»

«ከዚህ ወጥቼ የት እገባለሁ መምህርት?»

ሳዋ ሃምሳ ዓመት ሰው ስትዳስስ እንዲህ ያለ ወጥመድ ገጥሟት አያውቅም፤ ብትናገር ልጅቷን ከእስር አውጥታ ከእንጀራዋ ልትነቅላት ነው። «እኔ አልናገርም፤ ሚስጥሩ ያንቺ ነው። ነገ ግን ክንድሽን እጠይቅሻለሁ፤ መስጠት ወይም መከልከል ያንቺ ፈንታ ነው» ብላት ወጣች።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ አምስቱም መማሪያ ክፍሉ ምንጣፍ ላይ ተሰበሰቡ። የበረዶ ጠራጊው ድምፅ ከሩቅ መሰማት ጀምሯል።

«ሁላችሁም ብሎኑን ጠንካራ ሰው አጠበቀው ብላችኋል» አለች ሳዋ። «እኔ ግን አባባ ቶሜ ቀኜ ያልቻለውን ግራዬ ፈታው ሲሉኝ ነው የገባኝ። ክርኑ የታጠፈ ሰው መዳፉን ወደ ላይ የሚያዞርበት ጉልበት ወደ ታች ከሚያዞርበት ይበልጣል። ለዚያ የሚሠራው ይህ የክንድ ፊት ጡንቻ ነው። ብሎን የሚጠብቀው ወደ ቀኝ ሲዞር ስለሆነ፣ ቀኝ እጅ በዚህ ጡንቻ ሲያጠብቅ ያይላል፣ ሲፈታ ይደክማል። ግራ እጅ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ብሎኑ በግራ እጅ ጠብቆ ቢሆን ኖሮ የአባባ ቶሜ ቀኝ እጅ ባልተሸነፈ ነበር። ስለዚህ የምንፈልገው ኃይለኛ ሰው ሳይሆን ደህና ቀኝ ክንድ ነው።»

ቶሜኪቺ ቀኝ መዳፉን አገላብጦ አየ።

«ኪኑ።»

ልጅቷ እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን ዘረጋች። ሳዋ የሂሳኖን ጣት ይዛ በመጀመሪያ የሂሳኖ የራሷ ክርን መታጠፊያ ላይ፣ ቀጥሎ የኪኑ ላይ አሳረፈችው። ሂሳኖ የአሺ ሚስት ናት፤ ማስረዳት አላስፈለጋትም።

«የለም» አለች ሂሳኖ። «ጅማቱ የለም።»

«ከተበጠሰ አሥራ አንድ ቀኑ ነው። እመቤት፣ የዛሬ አሥራ አንድ ቀን መታጠቢያው ደረጃ ላይ ሲንሸራተቱ ማነው በአንድ እጁ የያዘዎ?»

ሂሳኖ ጣቷን ከኪኑ ክንድ ላይ ሳታነሳ ቀረች። ያኔ የሆነ ነገር ቋ ሲል ሰምታ ጣውላ ነው ብላ ነበር። አሁን አፈረች፤ ቀና ብላ ልጅቷን ማየትም አቃታት።

ሳዋ ፊቷን ወደ ቴሩኦ መለሰች። «ያንተን ክንድ ስጠኝ።»

«ያመኛል ብያለሁ።»

«እዚህ ቤት የታመመ ክንድ ይዞ ሁለት ወር ሙሉ ‹እሹኝ› ያላለ ሰው አንተ ብቻ ነህ። ድመቷ እንኳ ስታነክስ ወደኔ ነው የመጣችው። ሁለት ወር ያልሠራ ትከሻ ይሟሽሻል፣ ከጠፍጣፋው አጥንት በላይ ይጎደጉዳል። ስጠኝና ተሳስቼ ይቅርታ ልጠይቅህ።»

ቴሩኦ አልሰጠም። ቶሜኪቺ ከኋላው ሲይዘው ሳዋ እጇን ትከሻው ላይ አሳረፈች። ጡንቻው ሙሉ ነበር፤ እንዲያውም ከግራው ይወፍራል።

«ፈተናውን እንደማታልፍ ስላወቅህ ታመምሁ አልክ» አለችው። «አባትህ ነቃብህ፤ ውሉን አፈርሳለሁ ሲልም በወረቀቱ ግድግዳ ሰማህ። መንገዱ ሳይከፈት ቀደምከው። ከዚያ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሆነ።»

«አሥር ዓመት ሙሉ ልጄ ሲለኝ ኖሮ» አለ ቴሩኦ፣ «እንደ አሮጌ ጫማ ሊጥለኝ ነበር።» 

ፖሊሱ በፎቁ መስኮት ገብቶ ቴሩኦን በዚያው መስኮት ይዞት ወጣ። መንገዱ ተከፈተ። ኪኑ ግን ከተቀመጠችበት አልተነሳችም።

«እንግዲህ ሁሉም አወቀ» አለች። «ፈተናዬ ቀረ።»

«የሚፈትኑሽ ብሎን ልታጠብቂላቸው ነው?» አለች ሳዋ። «ማሸት መጫን ነው፣ መጠምዘዝ አይደለም። የሚጭነው ከክንድሽ ኋላ ያለው ጡንቻ ነው፤ እሱ ደህና ነው። የቀረውን የሰውነትሽ ክብደት ይሠራዋል። ትላንት ጓዳ ውስጥ ሆነን ይህን ማሰብ ነበረብኝ፤ እኔም ፈርቼ ነው።»

ኪኑ አላመነቻትም። ይህን ጊዜ ሂሳኖ ተነሳች፤ መጥታም ለኪኑ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች። የኪሞኖዋን አንገትጌ ዝቅ አደረገች።

«ከትላንት ጀምሮ አንገቴ አልዞር ብሎኛል» አለች።

ኪኑ እጇን አፍታታ ቀኝ መዳፏን የሴትዮዋ ትከሻ ላይ አኖረች። ክርኗን ዘርግታ፣ እንደተማረችው ክብደቷን ቀስ በቀስ ጣለችበት።