የባዶው ወንበር ኩባያ

ክፍሌ የሞተው የጀመረውን ቀልድ ሳይጨርስ ነው። መጀመሪያ መንጋጋው ተቆለፈ፤ ቀጥሎ ጀርባው እንደ ደጋን ተለጠጠና ከነወንበሩ ወለሉ ላይ ወደቀ። የምግብ ቤቱ ሠራተኛ ዘነበች የዓሣውን ሳህን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ሲኞር ማሬክ ከወጥ ቤት ሮጦ ሲደርስ የክፍሌ ትንፋሽ ቆሟል።

«እንጉዳዩ ነው!» ሲል ጮኸ የጭነት መኪና ባለቤቱ ጉግሳ፣ ሆዱን በሁለት እጁ ይዞ። «እንጉዳይ አብልተው ጨረሱን!»

ከማዶ የተቀመጠው የበይሉሉ ዓሣ ነጋዴ ዘካሪያ የጎረሰውን መሐረቡ ላይ ተፋ። ዘነበችም የራሷን ሆድ አዳመጠች። ሾርባውን የሠራችው እሷ ናት፤ እየደጋገመች የቀመሰችውም እሷው ናት።

ሲኞር ማሬክ ከፖላንድ መርከብ ወርዶ አሰብ የቀረ ምግብ አብሳይ ነው። ወደቡ አጠገብ ባለችው ምግብ ቤቱ ዓመቱን ሙሉ ፓስታና ዓሣ ይሸጣል። በአገሩ የገና ዋዜማ ግን ወዳጆቹን ጠርቶ የአገሩን ምግብ ያበላል፤ እንጉዳይ የተሞሉ ትንንሽ የሊጥ ቋጠሮዎች የሚንሳፈፉበት የቀይ ሥር ሾርባ፣ የተጠበሰ ዓሣ፣ ከደረቀ ፍራፍሬ የተቀቀለ ጠቆር ያለ ጣፋጭ መጠጥ። ሥጋ አይቀርብም። በ1964 ዓ.ም. ዋዜማው አርብ ስለዋለ ጉግሳ ገና ሲገባ «ፈረንጅም እንደኛ ይጾማል ለካ!» ብሎ ዘነበችን አስቋት ነበር።

በዚያ ገበታ ላይ ሁልጊዜ አንድ ትርፍ ወንበር፣ አንድ ትርፍ ሳህንና ኩባያ ይሰናዳል። ሳይጠራ ለሚመጣ እንግዳ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ማንም አልተቀመጠበትም። በወደቡ የትራንዚት ሥራ የሚሠራው ክፍሌ የመጀመሪያው ሆነ።

ሻምበል ሣህሉ ወዲያው ደረሰ። ቀጭንና ዝምተኛ ነው፤ ሲያነጋግር ከሰው ፊት ይልቅ የሰው እጅ ያያል። አስከሬኑን አስነሣ፤ የገበታው ዕቃ እንዳይነካ አዘዘ፤ በሩን አስዘጋ። አራቱም እዚያው አግዳሚ ላይ አደሩ። ማንም አልተኛም። አንዱ ባሳለ ቁጥር ሦስቱ ቀና ይላሉ።

ሲነጋ አራቱም በሕይወት ነበሩ። በመስኮቱ በኩል ግን የተሰበሰበው ሰው ድምፅ ይሰማል። «እንጉዳይ ያበላችው የፈረንጁ ሠራተኛ ናት አሉ!» «ይስቀሏታ!» ዘነበች ነጠላዋን ጆሮዋ ላይ ጠመጠመች።

ሻምበሉ ወደ ወጥ ቤት ጠራት።

«ሾርባው ተርፏል?»

«አዎ፣ ጌታዬ።»

«አሙቂልኝ።»

«ጌታዬ፣ ስለ እናትዎ፣ አይብሉት!»

«ምን አለበት? አራታችሁም በልታችሁ አድራችኋል። ክፍሌ ነው ያልበላው። ቋጠሮዎቹን ለቅሞ ከሳህኑ ዳር ደርድሯቸዋል፤ ቆጥሬያቸዋለሁ።» ከድስቱ በማንኪያ ቀምሶ አጣጣመ። «ትንሽ ጨው ያንሰዋል። እንግዲህ ንገሪኝ፤ እሱ ብቻ የቀመሰው ምንድን ነው?»

ዘነበች ሌሊቱን ሙሉ የደበቀችው ነገር አለ። ብትናገር መታሰር ነው፤ ብትተወውም መታሰር ነው።

«የቀዳሁለት እኔ ነኝ» አለች በመጨረሻ። «የፍራፍሬውን መጠጥ። ቀምሶት ‹ይሄማ ኮሶ ነው!› አለ። እኔ ከዚያው ማንቆርቆሪያ ጠጥቻለሁ፤ እንደ ማር ነበር። አቶ ጉግሳ ‹የእንግዳ ኩባያ በአንድ ትንፋሽ ነው የሚጨለጠው፤ ወንድ አይደለህም እንዴ?› አሉት። ጨለጠው።»

«ሌላስ?»

«ኩባያ ስደረድር አሸዋ እንዳይገባበት ደፍቼ ነው። እንደ አገሩ ልማድ የመጀመሪያው ኮከብ ሲወጣ ሲኞር ማሬክ አምፖሉን አስጠፍቶ ፋኖስ ያስበራኛል። ፋኖሱን ሳስገባ የባዶው ወንበር ኩባያ ተቃንቶ ነበር።»

«ትናንት ለምን አልነገርሽኝም?»

«የቀዳሁት እኔ ነኛ! ማን ያምነኛል?»

ሻምበሉ እጆቿን አየ። «ክፍሌ ሲገባ ምን ይዞ ነበር?»

«ምንም። ባዶ እጁን ነው። ‹ከአዲስ አበባው አውሮፕላን ወርጄ ዝም ብዬ መጣሁ› አለ።»

«ምንም ሳይዝ?» አለና ወደ ሳሎኑ ተመለሰ።

ዘካሪያን ያነጋገረው በሩ ገርበብ ብሎ ነው፤ ዘነበች ትሰማለች።

«ከክፍሌ ጋር ጠብ ነበራችሁ?»

«ወላሂ፣ ምን ጠብ? አጎቴ በአዲስ አበባው መንገድ ማንዳ አካባቢ ከጠፋ ሁለት ወሩ ነው። ግመሎቹ ብቻቸውን ተመለሱ። ክፍሌ ሾፌሩን ሁሉ እየጠየቀ ሲያፈላልግልኝ ነበር።»

«ትናንት መቼ ገባህ?»

«የመግሪብ ሶላት ሰግጄ። ፋኖሱ በርቶ ነበር፤ ልጅቷን ጠይቃት።»

ሻምበሉ ለአንድ ፖሊስ በጆሮው ነገረው። ፖሊሱ ተመልሶ ሲመጣ ሻምበሉ ሁሉንም ጠረጴዛው ዙሪያ አስቀመጠና ቡናማ ሻንጣ መሐላቸው አኖረ። ቁልፉን ፖሊሱ ሰብሮታል።

«እንጉዳዩን እርሱት» አለ። «ውሻ በመርዝ ሲሞት ያየ ሰው የክፍሌን አሟሟት ያውቀዋል። መጠጡንም መራራ ያደረገው ያው መርዝ ነው። ማንቆርቆሪያው ውስጥ ቢሆን ሁላችሁም ታልቁ ነበር። ስለዚህ ኩባያው ውስጥ ነው፤ ያውም ክፍሌ ከመምጣቱ በፊት።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?» ጉግሳ ጣቱን ወደ ዘነበች ቀሰረ። «ኩባያ የደረደረችው እሷ፣ የቀዳችው እሷ!»

ዘነበች ወንበሯን ጨበጠች።

«ማንም ተቀምጦበት በማያውቅ ቦታ ለማን ብላ ነው መርዝ የምታስቀምጠው? ለወንበሩ?» አለ ሻምበሉ። «እዚያ መርዝ የሚያስቀምጥ ሰው ማን እንደሚቀመጥ የሚያውቅ ብቻ ነው። ሲኞር ማሬክና ዘነበች ክፍሌ አዲስ አበባ ያለ መስሏቸዋል፤ ሁለቱም ምድጃው ላይ ነበሩ። ዘካሪያ የገባው ፋኖሱ ከበራ በኋላ ነው፤ ኩባያው ያኔ ተቃንቷል። ከዚያ በፊት እዚህ ብቻህን የተቀመጥኸው አንተ ነህ፣ ጉግሳ። ለዓመታት ተጋብዘሃል፤ ሳይጠራ የመጣ ሰው የት እንደሚቀመጥ ታውቃለህ።»

«መምጣቱን በምን አውቄ? ሲገባ ‹መቼ መጣህ?› ብዬ አልዘለልኩም?»

«ዘለሃል። ከአውሮፕላን የወረደውን ሰው ግን ‹ዕቃህስ?› አላልኸውም። ዕቃው ከመኪናህ ጋቢና ተገኘ። ከአውሮፕላን ማረፊያ ያመጣኸው አንተ ነህ። ዘግይቶ እንዲገባ ምን ብለህ እንዳሳመንኸው አንተው ትነግረኛለህ።»

«ጓደኛዬን ለምን እገድለዋለሁ?»

ሻምበሉ ከሻንጣው ደብዳቤ አወጣ። «ጉግሳ፣ ሻንጣውን ያልከፈትኸው ሌሊቱን እኔ ዘንድ ስላደርህ ነው። ዘካሪያ፣ የተጻፈው ላንተ ነው። ጉግሳ በጥቅምት ወር ማንዳ አጠገብ አንድ ሽማግሌ ግመል ነጂ ገጭቶ ገድሏል። ክፍሌ አብሮት ጋቢና ነበር። ፈርቶ ዝም አለ። አንተ እየለመንኸው ሲያፈላልግ ቆይቶ ምስጢሩን መሸከም አቃተው፤ ሊነግርህ ነበር የመጣው። ይህንንም ለጉግሳ አስቀድሞ አሳውቆታል።»

ዘነበች የዘካሪያን ወገብ አየች፤ የአፋር ጩቤውን እንደታጠቀ ነው። የሻምበሉም ዓይን እዚያው ነው። ዘካሪያ ቀስ ብሎ ተነሣ። ሁለቱንም መዳፎቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

«የት አደረጋችሁት?»

ጉግሳ አንገቱን ደፋ። «ከመንገዱ በስተግራ... ከትልቁ ጥቁር ድንጋይ ሥር። አሸዋ አልብሰነዋል።»

«ፊቱን ወደ መካ፣ ወደ ቂብላ?»

ፖሊሶቹ ጉግሳን በጓሮ በኩል ወሰዱት።

«ወደ ቤትሽ ሂጂ» አላት ሻምበሉ ዘነበችን። እሷ ግን ደጁን ፈርታ ቆመች። ከውጭ ድምፁ በርትቷል፤ አንድ ሰው በሩን በድንጋይ መታው።

በሩን የከፈተው ዘካሪያ ነበር። ደፍ ላይ ቆመና ጮክ ብሎ ተናገረ። «የዚችን ልጅ ሾርባ በልቼ አድሬያለሁ። ይኸው ቆሜያለሁ! ገዳዩ ተይዟል። መንገድ ልቀቁ!»

ሰዉ አጉረመረመ፤ ከዚያ ገለል አለ። ዘነበች ከዘካሪያ ኋላ ሆና ጀርባውን እያየች በመሐላቸው አለፈች። ማንም አልነካትም። ዘካሪያ ቤቷ በር ድረስ ሸኛት።

«ገብተህ ውኃ ጠጣ፣ ወንድሜ» አለችው።

«ሌላ ቀን» አለ ዘካሪያ። ወደ ማንዳ የሚወስደውን መንገድ እያየ ነበር። «ቀብር አለብኝ።»