የእናቴ ትንፋሽ በእጄ

ማመን አለማመን የናንተ ፈንታ ነው። እኔ ግን አልሰከርኩም፣ አላለምኩም፣ ሌሊትም አልነበረም።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ፀሐይ የቤታችንን ቆርቆሮ ታነድደዋለች። የሜኮንግ ወንዝ ሞልቶ መንደሩን ውጦታል፤ ከደጃፋችን ጀምሮ ዓይን እስከሚደርስበት ውሃ ነው።

እኔ እናቴን እያስተነፈስኩ ነበር።

በእጄ...

ሐኪሞቹ ተስፋ ቆርጠዋል። "ከእንግዲህ አትነቃም፣ በራሷም አትተነፍስም" አሉን። እኛ ዘንድ ደግሞ ውጭ የሞተ ሰው ሬሳው ቤት አይገባም። ስለዚህ በሽተኛውን ትንፋሹ ሳይቋረጥ ቤቱ እናደርሰዋለን። ጉሮሮው ውስጥ ከገባው ቱቦ ጫፍ ላይ የላስቲክ ፊኛ አለ። ሲጨምቁት አየር ይገባል፣ ሲለቁት ይወጣል። ቤት ሲደርስ ነርሷ ትነቅለዋለች፤ ሰውየው በገዛ ጣራው ስር ያርፋል።

የኛ ነርስ ግን ከጀልባ ማረፊያው አላለፈችም። ጀልባዋ ጠባብ፣ እሷም ዋና የማትችል።

"ስትደርሱ ተሰናበቷትና ንቀሉት" አለችኝ ፊኛውን እያስጨበጠችኝ። "ያን ያህል ከባድ አይደለም።"

ያን ያህል ከባድ አይደለም!

እማዬን አልጋዋ ላይ አስተኛናት። ተሰናበትናት። ግንባሯን ሳምናት።

ከዚያ... የሚነቅል ጠፋ።

"በይ እንግዲህ" አለ ታላቅ ወንድሜ ኪየም በሹክሹክታ። "ልቀቂው።"

"ታላቁ አንተ ነህ ጋሼ። ና ንቀለው።"

"እኔ እንዴት አድርጌ? እናቴ እኮ ናት!"

"እኔንስ ከገበያ ነው የገዛችኝ?"

ሚስቱ ኛን ፊቷን በእጇ ሸፈነች። "ነፍስ ማጥፋት ነው። እኔ የለሁበትም።"

"እሺ እትዬ፣ እንግዲያው እንዳትሞት ተቀበይኝ። እጄ ዝሏል።"

"ውይ... እኔ እጅ ላይ ቢሞቱስ?"

አያችሁልኝ? እንዲያበቃ ሁሉም ይፈልጋል። የሚያበቃው ግን በሰው እጅ ነው።

ወንድሜ ጥግ ላይ የተንጠለጠለው የገመድ አልጋ ላይ ወጥቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ለማልቀስማ ማን እንደ እሱ! ኛን ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ውሃውን ማየት ጀመረች። እኔ ቀረሁ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ማቆም ፈልጌ ነበር። እማዬ ደክሟታል፣ አሳዝናኛለች። ግን በለቀቅኩ ቁጥር "ይኼ የመጨረሻው ይሁን" እላለሁ፣ ጣቶቼ መልሰው ይጨምቃሉ። ፈሪ ነኝ።

ጨመቅኩ... የገመድ አልጋው ሲጥ አለ።

ለቀቅኩ... ዝም።

ጨመቅኩ... ሲጥ።

ቀና ብዬ አየሁ። የወንድሜ ጀርባ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል። ከእጄ ጋር።

አጋጣሚ ነው አልኩ። ቶሎ ቶሎ ጨመቅኩ። ጀርባው ቶሎ ቶሎ ተነሳ። አዘገየሁ። ዘገየ።

"ጋሼ..."

"እ?" አለ ሳይዞር።

"እስኪ ትንፋሽህን ፈጠን አድርገው።"

ሲሞክር አየሁት።

"እምቢ አለኝ እኮ" አለ።

ድምፁ ውስጥ የነበረው ፍርሃት አሁንም አይረሳኝም።

ወደ ደጃፉ ዞርኩ። የወንድሜ ሚስት ትከሻም... ከፍ፣ ዝቅ። እግሯ ስር የተኛው ውሻ ጎድንም... ከፍ፣ ዝቅ።

ላብ አጠመቀኝ። ጣቶቼ ተኮማትረው እምቢ አሉኝ። ፊኛው አመለጠኝ።

የእማዬ ደረት ወረደ።

ወንድሜ ከገመድ አልጋው ተፈጠፈጠ። አንገቱን በሁለት እጁ ይዟል። ኛን አፏን ከፍታለች፣ ድምፅ የለም፤ ከውሃ እንደወጣ ዓሣ ብቻ ትንደፋደፋለች።

ተንበርክኬ ፊኛውን ያዝኩና ጨመቅኩት።

ሁለቱም አንድ ላይ አየር ሳቡ።

"አታቁሚ!" አለ ወንድሜ እየተሳበ። "በእናትሽ አታቁሚ!"

"ተቀበለኛ!"

እጁን ዘረጋ። ፊኛውን ሊነካ ሲል ግን መልሶ ሰበሰበው። አሁንም! ሞት ጉሮሮውን ይዞትም!

ንዴቴ ከፍርሃቴ በለጠ። መሮጫ የለኝም። ካቆምኩ ሦስት ሰው ገደልኩ። ካላቆምኩ እማዬ መሞትም መኖርም ተከልክላ፣ እኔም እጄ ከላስቲክ ጋር ተሰፍቶ እንቀራለን።

ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አልኩ። ጆሮዋ በረዶ ነው።

"እማዬ" አልኩ። "ማረፍ አለብሽ። አንለቅሽም ስላልን ነው የያዝሽን፣ አውቃለሁ። እነሱን ልቀቂያቸው... የምትይዢው ሰው ካስፈለገሽ እኔን ያዢ።"

ፊኛውን ነቀልኩት።

"ዲየም! ዲየም!" ወንድሜ ስሜን እየጠራ ጮኸ።

ሲጮህ ነው ትንፋሽ እንዳለው የገባኝ። ኛንም ታለቅሳለች፣ በራሷ ትንፋሽ። የእማዬ ደረት አንዴ ወረደ። አልተነሳም። ፊቷ እንደ ልጅ ፊት ለሰለሰ።

ወንድሜ ከወለሉ ላይ ቀና ብሎ አየኝ።

"ገደልሻት" አለ።

አልመለስኩለትም። ለምን እንዳልመለስኩ እስከ ዛሬ አያውቅም። ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር... ውስጤ ግን አንዲት ጠብታ አየር አልነበረም።

ከዚያ ሳላስበው ደረቴ ሌላ ሰው እንደሚነፋው ሞላ። ቀስ ብሎ ባዶ ሆነ። ላፈጥነው ሞከርኩ፣ እምቢ አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት አጥበን፣ አልብሰን፣ የሬሳ ሳጥኑ ውስጥ አስተኛናት። ሁለት እጆቿን ደረቷ ላይ አኖርኩ። ወንድሜ ለክዳኑ ሚስማር ሊያመጣ ወጣ። ብቻዬን ቆሜ አየኋት።

ቀኝ እጇ ቀስ ብሎ ተከፈተ...

ፊኛ እንደሚጨምቅ ተጨበጠ።

እኔም ተነፈስኩ።