የፒር ዛፏ ድምፅ

ኦዲል የተወለደች ሰሞን እናቷ በጓሯቸው ፒር የሚባል የፍራፍሬ ዛፍ ተክላ ነበር። እናቷ በሞተች በዓመቱ የክረምት አውሎ ነፋስ ያንን ዛፍ ገንድሶ ጣለው።

ኦዲል በየመንደሩ ዳንስ ላይ ቪየል የሚባል ባለ ክር የሙዚቃ መሣሪያ ትጫወታለች። እጀታውን ስትዘውረው በሆዱ ያለችው የእንጨት መንኮራኩር ክሮቹን እየፈተገች ታዘፍናቸዋለች። መንኮራኩሯ ግን አርጅታ ነበርና ግንዱን አስጭና ወደ ቪየል ሠሪው ባስቲያን ሄደች።

«ከዚህ ሥራልኝ።»

ባስቲያን ግንዱን ዳሰሰው። «ይሄማ እርጥብ ነው፤ ለማገዶ ይሆን እንደሆን እንጂ። በኮምፔርሳቶ ልሥራልሽ፣ አይጣመምም።»

«ቁም ሳጥን ነው እንዴ ያዘዝኩህ?» ብላው ወጣች።

የዛፉን ታሪክ ከሰው የሰማው እሷ ከሄደች በኋላ ነው።

የጎረቤት ከተማ ሠሪ በእርጥቡ ቀርጾ ሰጣት። በግንቦቱ ዳንስ ቀን ዝናብ ጣለ፤ መንኮራኩሯ አብጣ ተጣመመች፣ ቪየሉም ስቅ ስቅ ይል ጀመር። ጨፋሪዎቹ ቆሙ። አንዱ ሳቀ። ያኔ ባስቲያን ከሰዉ መሀል ወጥቶ በጭብጨባ ምቱን ያዘላት። ሌሎቹም ተከተሉት፤ ሰዉ በጭብጨባ ብቻ ጨፈረ።

በኋላ ከአንድ ቤት ጣሪያ ጠርዝ ሥር ተጠልላ አገኛት።

«አላልኩሽም ነበር በልና ይውጣልህ።»

«ማገዶ ያልኩበትን ምላሴን በቆረጠው። የእናትሽ መሆኑን አላወቅኩም።»

«ብታውቅስ ይደርቅ ነበር?»

«አይ፣ አይደርቅም» አለ። ሁለቱም ሳቁ።

በማግስቱ የተረፈውን እንጨት አመጣችለት።

«መሀሏን በኮምፔርሳቶ እንሥራት» አላት፤ «ክሮቹን የሚነካው ጠርዟ ግን የእናትሽ ፒር ይሁን። በስሱ ከተሰነጠቀ ቶሎ ይደርቃል።»

ኦዲል ሞቃቱን ወራት ሙሉ ስንጣሪዎቹን ልታገላብጥ ተመላለሰች። የሚገላበጥ ነገር በሌለበት ቀንም መጣች። እሱም ለምን መጣሽ አላላትም።

በመስከረም ስንጣሪውን በእንፋሎት አለስልሰው መንኮራኩሯን እንደ ቀለበት ዙሪያዋን አሰሩላት፤ የጥድ ሙጫ ቀቧት። ኦዲል እጀታውን ዘወረች። ድምፁ ሳይንቀጠቀጥ፣ ረጅምና ጥርት ያለ ሆኖ ወጣ። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ባስቲያን ቀና ብሎ ሊያያት አልደፈረም፤ የጸዳውን መሮ መልሶ ይወለውላል።

«ለእሷስ ቀለበት አሰርክላት» አለች። «እኔንስ እስክደርቅ ነው የምትጠብቀኝ?»

መሮውን አስቀምጦ ወደ እሷ መጣ።

በኅዳር ተጋቡ። ሙሽራዋ ቪየሏን ከእጇ አላወርድ ስላለች፣ ቄሱ ቀለበቱ የሚገባበት ጣቷ እስኪገኝ ትንሽ መጠበቅ ነበረባቸው።